ስታንድ ይዘን ልንወጣ ነው፤ ከየት እንጀምር?

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከእንግሊዝ የመጡ ናቸው። የላኩልን የካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) እና የሃውሲንግ አሶሲዬሽን (ለትርፍ ያልቆመ የቤት አከራይ ድርጅት) ተከራዮች በሚሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ ስታንድ፣ ማለትም የማስተዋወቂያ ጠረጴዛ፣ ይዘው ለመቅረብ ያሰቡ ማኅበራትና አነስተኛ ድርጅቶች ናቸው። ሕግ የጠቀስንበት ቦታ ሁሉ የሚሠራው ለእንግሊዝ ብቻ ነው፤ ስኮትላንድና ዌልስ የየራሳቸው ደንብ አላቸው።

ጥያቄ፦ የትርጉምና የአስተርጓሚ አገልግሎት የምንሰጥ አራት ሰዎች ነን። አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ እንሠራለን። የተከራዮች ጉባኤ የሚያዘጋጅ ድርጅት ቦታ እንድንገዛ ጋብዞናል፤ ዋጋው ለእኛ ቀላል አይደለም። ያዋጣናል? (ከሊድስ)

መልስ፦ መጀመሪያ ማንን ፈልጋችሁ እንደምትሄዱ ቁረጡ። በየዓመቱ ጁን ላይ ማንቸስተር ውስጥ የሚካሄደው ትልቁ የቤቶች ጉባኤ የሚሰበስበው ዳይሬክተሮችንና የግዢ ኃላፊዎችን ነው። እንደ ቲፓስ ያሉ የተከራይ ተሳትፎ ድርጅቶች የሚያዘጋጁት ጉባኤ ላይ ግን የሚመጡት ተከራዮቹ ራሳቸው ናቸው፤ ከእነሱም ጋር አከራዮቻቸው የመደቧቸው የተሳትፎ ሠራተኞች አሉ። ተከራይ ውል አይፈርምም። የተሳትፎ ሠራተኛውም እጁ ላይ ያለው በጀት ትንሽ ነው። በዚያው ቀን ትዕዛዝ ተቀብሎ ለመመለስ የሄደ አኩርፎ ይመለሳል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ሰዎች ቢሯቸው ሲመለሱ የሚያነሱት ጥያቄ ክብደት አለው። ከለንደኑ የግሬንፌል መኖሪያ ሕንፃ ቃጠሎ በኋላ፣ 72 ሰዎች ካለቁበት ከጁን 14 ቀን 2017 ወዲህ፣ የተከራይ ድምፅ በአከራዩ በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ጉዳይ መሆኑ እየቀረ መጥቷል። የ2023ቱ የማኅበራዊ ቤቶች (የካውንስልና የሃውሲንግ አሶሲዬሽን ቤቶች) ሕግ አከራዮቹን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት አዲስ ሥልጣን ሰጠው። ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ 1,000 እና ከዚያ በላይ ቤት ያለው አከራይ በአራት ዓመት አንዴ ገደማ ይፈተሻል፤ ከሲ1 (ከፍተኛው) እስከ ሲ4 (ዝቅተኛው) ድረስ ደረጃ ይሰጠዋል። ከሚታዩት መመዘኛዎች አንዱ አከራዩ የልዩ ልዩ ተከራዮቹን ፍላጎት አውቆ በሚገባቸው መንገድ ያነጋግራቸዋል ወይ የሚለው ነው። በተጨማሪም አከራዮች 22 የእርካታ መለኪያዎችን በየዓመቱ ያሰባስባሉ፤ ከእነዚህ 12ቱ የሚገኙት ከተከራዮች የአስተያየት መጠይቅ ነው። እንግሊዝኛ የማታነብ ተከራይ መጠይቁን ሳትሞላ ብትቀር እሷ በውጤቱ ውስጥ የለችም።

የእናንተ መግቢያ በር ይህ ነው። «በሦስት ቋንቋ እንተረጉማለን» የሚለውን ሁሉም ይለዋል፤ የስልክ አስተርጓሚ የሚያቀርቡት ትልልቅ ኩባንያዎች ደግሞ በመቶ ቋንቋ ይሉታል። «መጠይቃችሁን ያልመለሱላችሁን ተከራዮች እናስመልስላችኋለን» ብላችሁ ግን በስንት ቀን፣ ለስንት ሰው፣ በስንት ፓውንድ እንደምትሠሩት አንድ ገጽ ላይ ካስቀመጣችሁ የተሳትፎ ሠራተኛው ለአለቃው ይዞት የሚሄደው ነገር አገኘ ማለት ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት አዘጋጁን በጽሑፍ ጠይቁ። ባለፈው ዓመት ስንት ሰው መጣ? ስንቱ ተከራይ፣ ስንቱ የአከራይ ሠራተኛ፣ ስንቱ ሻጭ ነበር? የኤግዚቢሽኑ ክፍል ሻይና ምሳ የሚቀርብበት ነው ወይስ ሌላ ፎቅ ላይ? በፕሮግራሙ ውስጥ ለኤግዚቢሽን ብቻ የተተወው ስንት ደቂቃ ነው? ክፍያው ውስጥ ጠረጴዛ፣ ኤሌክትሪክና የሁለት ሰው መግቢያ ከነምሳው አለበት? የመጀመሪያውን ጥያቄ በቁጥር የማይመልስ አዘጋጅ ላይ እኛ ገንዘብ አናወጣም። የሚነገራችሁ ዋጋ ብዙውን ጊዜ ቫት ያልተጨመረበት እንደሆነም አትርሱ፤ ለቫት ያልተመዘገበ ድርጅት 20 በመቶውን ማስመለስ አይችልም። የቦታ ኪራዩን በሦስት ብታባዙት ከባነር፣ ከጉዞ፣ ከማደሪያና ከኅትመት ጋር ለሚያስወጣችሁ ጠቅላላ ገንዘብ ቅርብ ግምት ታገኛላችሁ። ያ ከበዛባችሁ በዚህ ዓመት አንድ ሰው እንደ ተራ ተሳታፊ ላኩ፤ ወይም ያለ ስታንድ አንድ አውደ ጥናት እንምራ ብላችሁ ለአዘጋጁ ሐሳብ አቅርቡ። ለአነስተኛ ድርጅት ሁለተኛው መንገድ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ ቦታችሁ 3 በ2 ሜትር ሼል ስኪም ነው ተብለናል። ባነርና በራሪ ወረቀት በአማርኛም በእንግሊዝኛም ልናሠራ ነው። ምን መጠንቀቅ አለብን? (ከለንደን፣ የተከራዮች መረዳጃ ማኅበር)

መልስ፦ ሼል ስኪም ማለት በአሉሚኒየም ምሰሶ የተያዙ ተገጣጣሚ ግድግዳዎች ናቸው፤ ከኋላና ከጎን ይቆማሉ፣ ፊት ለፊቱ ክፍት ነው፣ ከላይ የድርጅቱ ስም የሚጻፍበት ሰሌዳ አለው። የግድግዳው ቁመት ብዙ ጊዜ 2.5 ሜትር ገደማ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ከነምሰሶው 1 ሜትር ሲሆን ለዓይን የሚታየው 95 ሴንቲ ሜትር ያህሉ ብቻ ነው። ፖስተር በ1 ሜትር ስፋት የሚያሳትሙ ሰዎች ጠርዙ ምሰሶው ላይ የሚታጠፍባቸው ለዚህ ነው። ትክክለኛውን ልክ ከአዘጋጁ መመሪያ ላይ ውሰዱ። ግድግዳው ጨርቅ ለበስ ከሆነ ሻካራው የቬልክሮ ወገን ይይዘዋል። ምስማርና ስቴፕለር አይፈቀድም፤ ሙጫው የሚቀር ፕላስተር ከለጠፋችሁም የጽዳት ሂሳብ ይመጣባችኋል።

ጠረጴዛውን ፊት ለፊት አግድም አታቁሙ። አጥር ይሆናል፣ እናንተም ከኋላው ባለሱቅ ትመስላላችሁ። በአንዱ ጎን ግድግዳ አስጠግታችሁ መሐሉን ክፈቱት፤ ዊልቸር ተጠቃሚ ገብቶ እንዲዞር 1.5 በ1.5 ሜትር ያህል ባዶ ወለል ያስፈልገዋል። ለእንግዳ ሁለት ወንበር ይኑር። ከሚመጡት ተከራዮች ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ጨዋታውን አይቸኩልበትም።

ሮል-አፕ ባነር አብዛኛውን ጊዜ 80 ወይም 85 ሴንቲ ሜትር በ2 ሜትር ነው። ጠረጴዛ ከፊቱ ካለ ከታች 75 ሴንቲ ሜትሩ አይታይም። ስልክ ቁጥርና ኪውአር ኮድ እዚያ ታች የሚያስቀምጥ ዲዛይነር አለ፤ ወደ ላይ አስወጡት። ዋናው ዓረፍተ ነገር ከወለሉ ከ1.4 ሜትር በላይ ይሁን፣ ከሰባት ቃል አይብለጥ። ከ3 ሜትር ርቀት ያለ ድካም እንዲነበብ የፊደሉ ቁመት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያስፈልገዋል፤ የአማርኛውን ከዚህም ከፍ አድርጉት። ቸ እና ቼ፣ ሸ እና ሼ የሚለዩት በትንሽ ጭረት ስለሆነ ከሩቅ ይደባለቃሉ።

የአማርኛ ኅትመት የሚበላሸው በአብዛኛው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ፎንት ነው። ማተሚያ ቤቱ የእናንተ ፎንት ከሌለው ወይ ባዶ ሳጥን ያትማል ወይ በሌላ ተክቶ መስመሩን ያዛባዋል። ዲዛይኑን ስትልኩ ጽሑፉ ወደ ቅርጽ የተለወጠበት ፒዲኤፍ ላኩ፤ ማረም ሲያስፈልግ እንድትጠቀሙበት ያልተለወጠውን ቅጂ እናንተ ዘንድ አቆዩት። በራሪ ወረቀት ከሆነ በዙሪያው 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይኑረው። ዊንዶውስ ላይ በኒያላ ወይም በኤብሪማ ፎንት የተጻፈ ስላይድ ማክ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ከፋ (Kefa) በሚባል ፎንት ተተክቶ ቃላቱ ከሳጥናቸው ይወጣሉ፤ በስክሪን የምታሳዩትንም ስለዚህ ፒዲኤፍ አድርጉት። ሁለተኛው የመስመር አቆራረጥ ነው። የዲዛይን ፕሮግራሞች የአማርኛን ቃል መሐሉ ላይ ቆርጠው ወደታች ሊያወርዱት ይችላሉ፤ ማተሚያ ቤቱ ፊደሉን ስለማያውቀው አያስተውልም። መስመሮቹን በእጅ ቁረጡ። ከኅትመት በፊትም በወረቀት የወጣ ናሙና አማርኛ የሚያነብ፣ ግን ጽሑፉን ያልጻፈ ሰው ይየው።

በራሪ ወረቀቱ ላይ ፊደሉ ከ14 ነጥብ አይነስ፤ በ16 ወይም በ18 ነጥብ የተዘጋጁ ጥቂት ቅጂዎችም ይኑሯችሁ፣ የሚጠይቅ አይጠፋም። ብዛቱ ከጠቅላላው ተሳታፊ አንድ ሦስተኛ ይበቃል። የተረፈውን ተሸክማችሁ የምትመለሱት እናንተው ናችሁ።

ኤሌክትሪክ ካዘዛችሁ በተለምዶ የሚሰጠው ባለ 500 ዋት ሶኬት ነው። ላፕቶፕ 65፣ ባለ 32 ኢንች ስክሪን 50 ገደማ፣ ሁለት የስልክ ቻርጀር 40፤ ከ200 ዋት አያልፍም፣ በቂ ነው። ዕቃዎቹ ሁሉ የፓት ምርመራ (የኤሌክትሪክ ዕቃ ደኅንነት ፍተሻ) መለያ የተለጠፈባቸው ይሁኑ፤ ከሌለ አዳራሹ ሊያስነቅላችሁ ይችላል። ማራዘሚያ በማራዘሚያ ላይ መሰካት አይፈቀድም። የአዳራሹን ዋይፋይ አትመኑት፤ ሰው ሲበዛ ይንቀራፈፋል። ቪዲዮው ላፕቶፑ ላይ ይጫን፣ የግርጌ ጽሑፍም ይኑረው፤ በዚያ ጫጫታ ድምፁን የሚሰማው የለም። ከዚህ ሌላ የሕዝብ ተጠያቂነት ኢንሹራንስ ምስክር ወረቀትና የአደጋ ግምገማ ትጠየቃላችሁ። የኢንሹራንሱ መጠን ብዙ ቦታ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት መመሪያው የሚጠይቀውን እዩ። የእነዚህ ሁሉ ቀነ ገደብ ከጉባኤው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በፊት ያበቃል፤ ዘግይቶ የሚታዘዝ ሶኬት ዋጋው ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ስታንዳችን ላይ ቡና ብናፈላስ? ጀበናውም ረከቦቱም አለን። ሰው ይሰበስብልናል ብለን ነው። (ከሸፊልድ፣ የሴቶች ማኅበር)

መልስ፦ ይሰበስባል፤ የእሳት አደጋ መኪናም ጭምር። ከሰል በአዳራሽ ውስጥ ጨርሶ አይፈቀድም። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ እንቁላው ብትሉ ምድጃው ብቻውን ከ1,000 ዋት በላይ ይስባል፤ የ500 ዋቱን ሶኬት ሲያጠፋ የጎረቤታችሁም ስክሪን አብሮ ሊጠፋ ይችላል። የቡናው ጭስና እጣኑ የጭስ ጠቋሚውን ይቀሰቅሳሉ፣ ሕንፃው ይለቀቃል፣ ጉባኤው ይቋረጣል። ከዚህም በላይ አዳራሾች ምግብና መጠጥ የማቅረብ መብቱን ለአንድ ድርጅት ሰጥተው ነው የሚያከራዩት።

የሚሆነው ይሄ ነው፦ ረከቦቱን፣ ሲኒውንና ጀበናውን ለዕይታ ዘርጉ። ቡናውን ውጭ አፍልታችሁ በፔርሙስ አምጡ፣ በትንንሽ የወረቀት ኩባያ አቅምሱ፤ ለዚህም ቢሆን ከአዳራሹ በጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። ቡና ቁርሱ ላይ ጠንቀቅ በሉ። በብሪታንያ ሕግ መገለጽ ያለባቸው 14 የአለርጂ ምግቦች አሉ፤ ገብስና ስንዴ፣ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ ከእነሱ ውስጥ ናቸው። የቆሎ ድብልቅ ሦስቱንም ሊይዝ ይችላል። ፋብሪካ ያሸገውን፣ ይዘቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈበትን ብታቀርቡ ይሻላል። ፈንድሻ ግን ምንጣፉን ያበላሸዋል፤ እኛ ብንሆን እንተወው ነበር።

ጥያቄ፦ ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው የቤታቸውን ሻጋታ ፎቶ እያሳዩ «እባካችሁ አንድ በሉኝ» ይሉናል። እኛ የመጣነው ስለ ቋንቋ ትምህርት ልናስተዋውቅ ነው። አከራያቸው ደግሞ ሦስት ስታንድ አልፎ ቆሟል። ምን እንበል? (ከበርሚንግሃም)

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ሳይመጣ የሚያልፍ የተከራዮች ጉባኤ የለም፤ ምንም ብትሸጡ፣ ምንም ብታስተዋውቁ። ከባነሩ ይልቅ የሚያስመዝናችሁ ለዚህ የምትሰጡት መልስ ነው። «የእኛ ጉዳይ አይደለም» ካላችሁ ወሬው ምሳ ሳይደርስ አዳራሹን ያዳርሳል። «እናስጨርስልዎታለን» ካላችሁ ደግሞ የማትፈጽሙትን ቃል ሰጣችሁ።

አንድ ግማሽ ገጽ ወረቀት አዘጋጁና ይህን ጻፉበት። ብልሽት ማሳወቅና አቤቱታ ማቅረብ ይለያያሉ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ደውሎ «ሻጋታ አለብኝ» ማለት የጥገና ጥያቄ ነው፣ አቤቱታ ተብሎ አይመዘገብም። የደወለበትን ቀንና የተሰጠውን ቁጥር መዝግቦ ይያዝ። ከኦክቶበር 27 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የአዋብ ሕግ (ቤቱ ውስጥ በነበረ ሻጋታ ምክንያት በሞተው ሕፃን አዋብ ኢሻቅ ስም የተጠራ) መሠረት፣ በጤና ወይም በደኅንነት ላይ ወዲያው ጉልህ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል አስቸኳይ አደጋ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርምሮ ቤቱ ከአደጋ ነፃ መሆን አለበት። ጉልህ ጉዳት የሚያስከትል እርጥበትና ሻጋታ ከሆነ አከራዩ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መመርመር፣ ምርመራው ካለቀ በኋላ በ3 የሥራ ቀን ውጤቱን በጽሑፍ መስጠት፣ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ደግሞ ቤቱን ከአደጋ ነፃ ማድረግ አለበት። ይህን በጊዜው ማድረግ ካልቻለ ሌላ ማረፊያ ማቅረብ ይጠበቅበታል።

ይህ ካልሆነ «አቤቱታ ነው የማቀርበው» ብሎ በግልጽ መናገር ወይም መጻፍ ነው። አከራዩ በ5 የሥራ ቀን ደረሰኝ ይላል፤ ከዚያ በ10 የሥራ ቀን የአንደኛ ደረጃ መልስ ይሰጣል። ተከራዩ ካልረካ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ያሳልፈዋል፣ መልሱ በ20 የሥራ ቀን ይመጣል። አከራዩ ምክንያቱን ገልጾ ማራዘም ይችላል፤ ዝም ብሎ መቆየት ግን አይችልም። ከዚያ በኋላ የቤቶች እንባ ጠባቂ፣ ማለትም ሃውሲንግ ኦምቡድስማን አለ፤ አገልግሎቱ በነፃ ነው። ቀድሞ የነበረው በምክር ቤት አባል በኩል የማለፍ ወይም ስምንት ሳምንት የመጠበቅ ግዴታ ከኦክቶበር 2022 ወዲህ ቀርቷል።

ወረቀቱን ስትሰጡ የሰውየውን ፎቶ ወደ ስልካችሁ አታስልኩ፣ አድራሻውንም መዝገባችሁ ላይ አትጻፉ። የሰው ቤት ሁኔታ፣ በተለይ ከሕመም ጋር ከተያያዘ፣ በጥንቃቄ የምትይዙበትን መንገድ ካላዘጋጃችሁ የምትሰበስቡት መረጃ አይደለም። የአከራዩ ሰው እዚያው ካለ «ልውሰድዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። እሺ ካለ አብራችሁ ሂዱ፣ ቋንቋ ከቸገረው አስተርጉሙለት፤ ካልፈለገ አትጫኑት። የተከራዩን ጉዳይ ለአከራዩ ከጀርባ መንገር ፈጽሞ አይገባም።

ሌላም እንጨምር። አንዳንድ ድርጅቶች የግሬንፌልን ሕንፃ ፎቶ ወይም የሞተ ሕፃን ስም ለማስታወቂያ ሲጠቀሙ ይታያል። ከግሬንፌል ሟቾች መካከል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ዘመዶቻቸው አዳራሹ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ሕጉን በስሙ ጥሩት፣ ሐዘኑን ግን ባነር ላይ አታውጡት።

ጥያቄ፦ የጎብኚዎችን ስምና ኢሜይል እንዴት እንሰብስብ? ዕጣ ብናወጣ ይሻላል? (ከለንደን፣ የሶፍትዌር ሠራተኛ)

መልስ፦ የዕጣ ሳህን የሚሰበስበው ዕጣ የሚወዱ ሰዎችን ነው። ካርዱን ለዕጣ ያስገባ ሰው ማስታወቂያ ላኩልኝ አላለም፤ ተከራይ ግለሰብ ስለሆነ የማስታወቂያ ኢሜይል ለመላክ ፈቃዱ ያስፈልጋል። ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ ሆኖ አይቆጠርም።

አራት ዓምድ ያለው ወረቀት ይበቃዎታል፦ ስም፣ ከየት፣ ኢሜይል፣ «ምን ልላክልዎ?»። አራተኛውን ራስዎ እያወሩ ይሙሉት። «ደንበኛ ሊሆን ይችላል» ብሎ መጻፍ አይረባም፤ «በማርች የሚያልቅ ውል አላቸው፣ ዋጋ ፈልጋለች» ያለው ይረባል። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ክፍት አድርገው አይተዉት፤ ቀጣዩ እንግዳ ያለፈውን ሰው ኢሜይል ማንበብ የለበትም። ከጉባኤው በኋላ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ለእያንዳንዱ የጠየቀውን ብቻ ይላኩ፤ አንድ አንቀጽና አንድ ገጽ አባሪ፣ ዋጋ ከጠየቀም ዋጋው በቁጥር። የሶፍትዌር ሰው ስለሆኑ ይህንንም እንንገርዎ፦ ተከራዮች የሚጠይቁት ስለ ዳሽቦርድዎ ሳይሆን «ኢንተርኔት የሌላት እናቴ እንዴት ትጠቀምበታለች?» ብለው ነው። የስልክ ወይም የወረቀት መንገድ ከሌለዎት ከመሄድዎ በፊት ያብጁለት።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ነው የምሄደው። እችለዋለሁ? (ከብሪስቶል)

መልስ፦ አንድ ቀን ከሆነ ይችሉታል፤ ሁለት ቀን ከሆነ ሰው ይፈልጉ። በጣም የሚጨናነቀው የጠዋት ሻይና የምሳ ሰዓት ስለሆነ እርስዎ ምሳዎን ሌሎች ስብሰባ ሲገቡ ይብሉ። ጠዋት ጎረቤት ስታንድ ካለው ሰው ጋር ይተዋወቁ፤ ለሽንት ቤት እንኳ ሲሄዱ ዓይኑን ይጥልልዎታል፣ ላፕቶፑን ግን ይዘው ይሂዱ። ዕቃዎን በሁለት ዙር ብቻዎን ሊያስገቡት የሚችሉት ያህል ያድርጉት፤ ከመኪና ማቆሚያው እስከ አዳራሹ ያለው ርቀት ረጅም ሊሆን ስለሚችል ተጣጣፊ ጋሪ ይያዙ። በፖስታ የሚልኩ ከሆነ የስታንድ ቁጥሩና የጉባኤው ስም በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ ይጻፍ፤ ከተፈቀደው ቀን ቀድሞ የደረሰ ካርቶን አዳራሹ ሳይቀበለው ሊመልሰው ይችላል። ማሸጊያ ቴፕ፣ መቀስና ትርፍ ቬልክሮ ከእጅ ቦርሳዎ አይለዩ። ኤግዚቢሽኑ ከመዘጋቱ በፊት ማፍረስ የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ የመመለሻ ባቡርዎን ከመዝጊያው ሰዓት ቢያንስ ሁለት ሰዓት አርቀው ይቁረጡ።